ወንበሩ ከነተቀማጩ

ይህ ታሪክ የሆነ ነው። ማመን ያቃተው ሰው ይለፈው፤ አልቀየመውም። እኔም ቢቸና ድረስ ሄጄ ሰገነትን ከራሷ አፍ ባልሰማት፣ ግቢዋንም በዓይኔ ባላየው ኖሮ አላምንም ነበር።

ደግሞ እኩለ ሌሊት የሆነ እንዳይመስላችሁ...

ጠራራ ፀሐይ ነው። የመጨረሻው ነገር የጀመረው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ጎረቤት በርበሬ አስጥታለች፤ መንገዱ ላይ ባጃጅ ጥሩንባውን ይነፋል። ሰው የሚፈራበት ሰዓት አልነበረም።

ሰገነት ቴሌግራም ላይ የጨረታ ቻናል አላት። ያገለገለ ዕቃ ነው የምታጫርተው፤ ቁም ሣጥን፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ አንዳንዴም ዶሮ ከነቆጧ። አባሎቿ ከሞጣ እስከ የጁቤ ተበትነናል። እኔም አንዱ ነኝ፤ ከእሷ የገዛሁት ፍሪጅ እስካሁን ይሠራል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የዕቃው ፎቶ ይለጠፋል፣ መነሻ ዋጋ ይጻፋል፣ የሚዘጋበት ቀንና ሰዓት ይነገራል። የፈለገ ዋጋውን ይጽፋል፤ ሌላው በላዩ ይጨምራል። ሰዓቱ ሲሞላ ከላይ የተገኘው ዕቃውን ይወስዳል።

መጀመሪያ ሁሉንም በእጇ ነበር የምትሠራው። ኋላ ግን ሞጣ ላይ ስልክ የሚጠግነው አብዱልሐኪም ቦት ሠራላት። ቦቱ ዋጋ ይቀበላል፣ ሰዓት ይቆጥራል፣ አሸናፊውን ይናገራል። ምሳ አይወጣም፤ አይተኛም።

በመጨረሻዋ ሰከንድ ዘሎ ገብቶ የሚነጥቅ እንዳይኖር፣ መዝጊያው ላይ አዲስ ዋጋ ከገባ ቦቱ ሁለት ደቂቃ ይጨምራል። እንደገና ከገባ፣ እንደገና ይጨምራል።

ሥራ ያለበት ሰው ደግሞ ስልክ ላይ ተደፍቶ አይውልም። ጣሪያውን፣ ማለትም እስከ ስንት ብር እንደሚሄድ፣ ለቦቱ በምስጢር ይነግረዋል። ሌላ ሰው ከበለጠው ቦቱ በእሱ ፋንታ ትንሽ ጨምሮ ይመልሳል፤ ጣሪያው እስኪነካ ድረስ።

አንድ ሕግ ደግሞ አለ። ዋጋ የገባበት ዕቃ አይሰረዝም፣ ሻጭ የጻፈውም ቃል ይጸናል። ይህንን ያስገባችው ራሷ ሰገነት ናት። ዕቃቸውን አጫርተው ሲያበቁ «ሐሳቤን ቀየርኩ» የሚሉ ሰዎች አንገሽግሸዋት ነበር።

አባቷ ጋሽ ወልደ ኪዳን ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከእሷ ጋር ነው የሚኖሩት። እሳቸውም የጨረታ ሰው ናቸው። በንግሥ ቀን ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠውን ጥላና ሙክት የሚያጫርቱት እሳቸው ነበሩ። ያሸነፈው ምእመን መልሶ ለቤተ ክርስቲያኑ ይሰጠዋል፤ እሳቸው እንደገና ያጫርቱታል። አንዱ ሙክት ደጋግሞ ይሸጥና ማታ እዚያው ቆሞ ሣር ይግጣል።

አንድ ቀን ታዲያ፣ «ይህ ወንበር ወገቤን ጨረሰው፤ ሽጭልኝ» አሏት።

የዋንዛ ወንበር ነው፤ መደገፊያ ያለው፣ ከባድ። ሰገነት ፎቶ ልታነሣው ስትል አባቷ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡበት።

«ሰው ካልተቀመጠበት ጥንካሬው በምን ይታወቃል?» አሉ።

ሳቀች። እንደተቀመጡ አነሣቻቸው። ለጠፈችው።

መነሻው ስምንት መቶ ብር ነበር። እኛም «ጋሼ ያምርባቸዋል» ምናምን እያልን ስንጽፍ ቆየን። ከዚያ አንድ የማናውቀው ሰው ገባ። ፎቶ የለውም። ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ ያለችው አንዲት ነጥብ ብቻ ናት።

እንዲህ ሲል ጠየቀ... «ከነተቀማጩ ነው?»

ሁላችንም ሳቅን። ሰገነትም ጨዋታ ታውቃለችና ወዲያው መለሰች።

«አዎ፣ ከነተቀማጩ! ተቀማጩ ምርቃት ነው።»

ነጥብ አልሳቀም። ሃያ ሺህ ብር ጻፈ።

ለአንድ ወንበር! ሌሎቹ ተጫራቾች «ይህስ አብዷል» ብለው ወጡ። ሰገነት መጀመሪያ ደስ አላት። ከዚያ ጥያቄው መጣ።

«ሌሊት ያስላል?»

አባቷ ሌሊት ያስላቸዋል። ግን ይህንን ማንም አልጻፈም።

«ግራ ጉልበቱ ይታጠፋል?»

አይታጠፍም። ከወደቁ ወዲህ ግራ እግራቸውን እየጎተቱ ነው የሚሄዱት።

«በሩ ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ የሚከፈተው?»

ሰገነት ስልኩን አስቀምጣ ተነሣች። የሚያውቃት ሰው እየቀለደባት ነው ብላ ራሷን አጽናናች።

በማግሥቱ ጠዋት አባቷ ቁርሳቸውን ሳይነኩ ቁጭ አሉ።

«ምን ሆኑ አባዬ?»

«ማታ አንድ ሰው ጥርሴን አየኝ።»

«ምን?»

«እንደ በሬ ነዋ! ገበያ ላይ በሬ ሲገዛ እንደሚታየው። ከንፈሬን ገለጠና አየኝ። ሕልም መሆን አለበት።»

«ያሳዩኝ እስቲ።»

የላይኛውን ከንፈራቸውን ቀና አደረገችው። ከውስጥ በኩል፣ ድዱ ላይ፣ የአውራ ጣት ልክ የሆነ ጥቁር ምልክት አለ። በውኃ አጠበችው፤ አልለቀቀም።

ስልኳ ጮኸ። ነጥብ ነው።

«ዕቃውን አይቼዋለሁ። ሁለት ጥርስ ጎድሎታል። ቢሆንም ይሁን።»

ሰገነት እንደነገረችኝ፣ ያን ጊዜ አባቷ እንዳያዩ ወደ ጓዳ ገብታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ዕቃውን ልትሰርዝ ሞከረች። ቦቱ መለሰላት... «ዋጋ የገባበት ዕቃ አይሰረዝም።»

የራሷ ሕግ ነው።

በዚያው ቀን ከግንደወይን አንድ ሰው ደወለላት። ኃይለ ጊዮርጊስ ይባላል፤ ባለፈው ወር በቻናሏ ኮርቻ ሸጧል፤ ገዢው ማን እንደነበር ግን ሰገነት ልብ አላለችም።

«እህቴ፣ ያ ስሙ ነጥብ የሆነው ሰው አሁንም ይገዛል አሉ?»

«አዎ። ምነው?»

«ኮርቻዬን የገዛው እሱ ነው። ብሩ ደረሰኝ። ሊወስድ የመጣ ሰው ግን አላየሁም። ጠዋት ብነሣ ኮርቻው የለም።»

«ሰው ልኮ አስወስዶት ይሆናላ...»

«ፎቶውን ያነሣሁት እኮ በቅሎዬ ጀርባ ላይ ጭኜ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በረቱ ከውጭ እንደተቀረቀረ ነው ያደረው። በቅሎዬም የለችም።»

ሰገነት ሮጣ ወደ ሳሎን ገባች። አባቷ ወንበሩ ላይ ሆነው ዳዊት ይደግማሉ።

«አባዬ ይነሡ!»

«ምነው ልጄ?»

«ይነሡ ብቻ!»

ክንዳቸውን ይዛ አስነሣቻቸው። ስልኳ ወዲያው ጮኸ።

«ቢነሣም ግድ የለም። ፎቶው አለኝ።»

ከዚህ በኋላ ለአባቷ ሁሉንም ነገረቻቸው። እያለቀሰች። እሳቸው አልተቆጡም። ራሷን ዳበስ አድርገው፣ «ጨረታ እኮ ነው፤ ገና አልተዘጋም» አሏት።

ወደ ሞጣ ደወለች። አብዱልሐኪም መጀመሪያ ሳቀ። ስታለቅስ ሲሰማ ሳቁን ተወ።

«ቆይ፣ ጣሪያውን ልይልሽ። እስከ ስንት እንደሚሄድ እኔ ጋ ይታያል።»

የኮምፒውተሩ ቁልፍ ሲንኳኳ ይሰማል።

«ስንት ነው?»

«ጣሪያ የለውም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ለእኔም አልገባኝም። ጣሪያ ሳያስገቡ ቦቱ በሰው ፋንታ አይመልስም፤ እንዲህ አድርጌ አልሠራሁትም። በቃ አጠፋዋለሁ። ብር ይመለስልኝ የሚል ካለ እኔ እከፍላለሁ።»

«አጥፋው ወንድሜ፣ ቶሎ!»

«ጠፋ። ኮምፒውተሩንም ከሶኬት ነቀልኩት። አሁን ዋጋ ጻፊ እስቲ፤ ምንም አይመልስልሽም።»

ሰገነት በሁለተኛ ስልኳ ሃያ አንድ ሺህ ጻፈች።

ጣቷን ሳታነሣ መልስ መጣ። ነጥብ... ሃያ አንድ ሺህ አንድ መቶ።

«መለሰ» አለች በሹክሹክታ።

አብዱልሐኪም የተነቀለውን ገመድ እንደገና ሲፈትሽ ተሰማት።

«ወላሂ አጥፍቼዋለሁ፣ እህቴ» አለ። «እኔ አይደለሁም።»

ጨረታው የሚዘጋው ቅዳሜ ዐሥር ሰዓት ነበር።

የቀራት አንድ መንገድ ነው። ሰዓቱ እንዲዘጋ አለማድረግ። መዝጊያው በቀረበ ቁጥር ዋጋ ከጨመረች ሁለት ደቂቃ ይራዘማል። ዛሬንም፣ ነገንም፣ እስከ ሕይወቷ መጨረሻም ቢሆን ስልኩን ይዛ ትቀመጣለች። አባቷን ከምትሰጥ ይህን ትመርጣለች።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግቢ ውስጥ ቁጭ አሉ። ወንበሩን አውጥታ ከአጥሩ ጥግ አድርጋዋለች፤ ቤት ውስጥ እንዲያድር አልፈለገችም። አባቷ ትንሽ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጠው ያይዋታል።

ዐሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል ጻፈች። ነጥብ መለሰ። ሁለት ደቂቃ ተጨመረ።

ጻፈች... መለሰ።

ጻፈች... መለሰ።

«እንዲህማ አይጫረትም» አሉ አባቷ። «ትንፋሽ እንኳ አይወስድም እንዴ?»

ልትስቅ ሞከረች። እንባዋ ቀደማት።

ከዚያ ስልኳ ላይ ኔትወርኩ ጠፋ።

የቢቸና ሰው ይህንን ያውቀዋል። ኔትወርክ ይጠፋል፤ ከሰዓታት በኋላ ይመጣል፤ ወይም ሳይመጣ ያድራል። ዳታውን አጥፍታ አበራችው። ስልኩን ወደ ላይ ይዛ ግቢውን ዞረች። ወደ አብዱልሐኪም ብትደውል ጥሪው አይወጣም።

አንድ ደቂቃ ነው የቀራት። ከዚያ ደግሞ ምንም።

አባቷ እግር ሥር ተንበርክካ ሁለቱንም እጃቸውን ያዘች። ዓይኗን ጨፈነች።

«አይልቀቁኝ አባዬ።»

«አልለቅሽም።»

ጠበቀች...

ባጃጅ አለፈ። ጎረቤት በርበሬዋን ስታነሣ ይሰማል። የአባቷ እጅ ሞቃት ነው፤ የደም ሥራቸው ከጣቷ በታች ይመታል። እንዲህ እንደተያያዙ ፀሐይዋ ወደ አጥሩ ወረደች።

ምንም አልሆነም።

ሰገነት ዓይኗን ገልጣ አየቻቸው። ሳቀች። እውነተኛ ሳቅ ነው የሳቀችው፤ ሆዷን ይዛ። በቃ፣ አንድ ዱርዬ ሲጫወትባት ነበር ማለት ነው።

በዚያች ሰዓት ኔትወርኩ መጣ።

ስልኩ መጮኽ ጀመረ። አላቆመም። አንዱ መልእክት በሌላው ላይ እየወጣ እጇ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ሁሉም ከቦቱ ነው። አዲስ ዋጋ... አዲስ ዋጋ... አዲስ ዋጋ...

ጨረታው አልተዘጋም ነበር።

ኔትወርክ በሌለበት በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ሰው ከነጥብ ጋር ሲጫረት ቆይቷል። ስም የለውም፤ ነጥብ እንኳ የለውም። ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው።

«ሌላም አለ» አለች ሰገነት። «አባዬ፣ የሚፈልግዎ ሌላም ሰው አለ።»

ጋሽ ወልደ ኪዳን መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ተቀበሏት። ቁጥሮቹን ከላይ ወደ ታች አዩዋቸው። እንደገና አዩዋቸው።

ፊታቸው ተለወጠ።

«እናትሽ ናት» አሉ።

«ምን ይላሉ?»

«ይኸውልሽ። ሠላሳ ሺህ ከአምስት። ሠላሳ አንድ ሺህ ከአምስት። በንግሡ ጨረታ ላይ ከሴቶቹ በኩል ቆማ እንዲህ ነበር የምትለው። ሌላው መቶ ሲል ፈንታነሽ መቶ አምስት። ሕዝቡ ይስቃል። እኔን ለማናደድ ነው። ቤት ስንገባ ‹አምስቷ ለአንተ ናት› ትለኝ ነበር።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ሌላ ሰው እንዲህ ሲጫረት አይቼ አላውቅም።»

ሰገነት አጠገባቸው ቁጭ አለች። ስልኩን አብረው ያዩ ጀመር።

አንድ ነገር አስተዋለች። ነጥብ ለእሷ ሲመልስ ትንፋሽ አይወስድም ነበር። ለዚህኛዋ ግን ይዘገያል። እንደሚፈራት... ወይም እንደሚያስብ።

አባቷ ደግሞ ሌላ ነገር አስተዋሉ።

«ደክሟታል» አሉ።

እውነታቸውን ነው። በፊት የነበሩት ዋጋዎቿ ቶሎ ቶሎ የገቡ ናቸው። አሁን ግን ሁለቱ ደቂቃ አልቆ ሰከንዶች ሲቀሩ ነው የምትጽፈው። በየጊዜውም የሚቀረው ሰከንድ ያንሳል።

«እኔ አግዛታለሁ!» ሰገነት በሁለተኛው ስልኳ ዋጋ ጻፈች። ቦቱ አልተቀበላትም። እንደገና ጻፈች። አልተቀበላትም። ጨረታው የሁለቱ ብቻ ሆኗል።

«ልጄ» አሉ አባቷ ቀስ ብለው። «ሻጭ በፈለገው ሰዓት በላይኛው ዋጋ መዝጋት ይችላል ብለሽኝ አልነበር?»

ይችላል። «በዚህ ዋጋ ሽጥ» የሚል ቁልፍ አለ። ተጠቅማበት አታውቅም።

«እሷ ከላይ ስትሆን ዝጊው።»

«አባዬ... ከዘጋሁት እኮ ይሄዳሉ።»

«እሄዳለሁ።»

«አልችልም።»

«ካልዘጋሽውም እሄዳለሁ። ከማን ጋር እንደምሄድ ግን አላውቅም።»

ሰገነት አባቷን አየቻቸው። ሕፃን ሳለች ሲያዝሏት የምታውቀው ትከሻ ነው። መኖራቸውን ትፈልጋለች፤ ሳላቸውን እንኳ ትፈልጋለች። ለአንድ የቀልድ ቃል ይህን ያህል ዋጋ ይከፈላል ብላ አስባ አታውቅም። ምላሷን ነክሳ ብትቆርጠው ደስ ይላት ነበር።

ነጥብ ዋጋ አስገባ። ሁለት ደቂቃው መቁጠር ጀመረ።

እናቷ አልመለሰችም።

አንድ ደቂቃ...

«አይዞሽ ፈንታነሽ» አሉ ጋሽ ወልደ ኪዳን፣ ለስልኩ ነው የሚያወሩት። «አንቺ ሴት፣ አይዞሽ...»

ዐሥር ሰከንድ ሲቀር ገባ። አርባ ሺህ ከአምስት።

«አሁን!» አሉ።

ሰገነት ቁልፉን ነካችው።

እንደነካችው የመጨረሻው መልእክት ሊወጣ ሲል ስክሪኑ ላይ ክብ ነገር መዞር ጀመረ። «ተሸጠ» ይላል። ለማን እንደተሸጠ የሚጻፍበት ቦታ ግን አልከፈት አለ። እሷ ስትነካ ነጥብ መልሶ ይሆን? አታውቅም። ይዞራል... ይዞራል...

አባቷ ከዱካው ተነሡ።

ጋቢያቸውን አጣፉ። ፀጉራቸውን በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉ፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው። ወደ ግቢው በር መራመድ ጀመሩ። ግራ እግራቸውን አይጎትቱም። ሰገነት ይህን ስታይ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«አባዬ፣ ማንም አላንኳኳም!»

«አውቃለሁ» አሉ ሳይዞሩ።

ከተቀመጠችበት በቆርቆሮው በርና በመሬቱ መካከል ያለው ክፍተት ይታያታል። ውጭው ገና ብርሃን ነው።

እግሮች ቆመዋል።

የሴት እግሮች ናቸው። ተረከዛቸው ወደ ግቢው፣ ጣቶቻቸው ወደ መንገዱ። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ የቆመች ሰው ናት።

ከፊቷ፣ በጣም ተጠግተው፣ ሌሎች እግሮች አሉ። ጣቶቻቸው ወደ ግቢው የዞሩ ናቸው። ጥቁር ናቸው... ትልልቅ ናቸው... ሁለት ብቻም አይደሉም።

የሴቲቱ ተረከዝ አፈሩን እየፋቀ ትንሽ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ቆመ። እንደገና ተንሸራተተ፤ በሩን ነካ። ቆርቆሮው ወደ ውስጥ ጎበጥ አለ።

ጋሽ ወልደ ኪዳን መቀርቀሪያውን ያዙ።

«መጣሁ ፈንታነሽ፣ እኔ አለሁ» አሉ፤ ሳቡት።